ሳይወለዱ ለሚታመሙት... ሳይቃጠል በቅጠል!

በአገራችን አንድ ሕፃን በተወለደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሲሞት የሚባለው ነገር የታወቀ ነው። «ምን ይደረግ፣ እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ» ይባላል። እናቲቱም «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ትባላለች። በቃ፤ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ለመሆኑ ይኸ ሕፃን መታመም የጀመረው መቼ ነበር? ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ግን ዛሬ እንጠይቃለን።

መልሱን የሕክምና ሳይንስ ካወቀው ቆይቷል። ጥቂት የማይባሉ ሕፃናት የሚታመሙት ከተወለዱ በኋላ ሳይሆን እዚያው እናታቸው ማህፀን ውስጥ ሳሉ ነው። ጀርሞች ከታች ወደ ላይ ወጥተው ጽንሱን የከበበውን ስስ ሽፋንና የእንሽርት ውሃውን ይበክላሉ። ጽንሱ ያንኑ ውሃ ይውጣል፤ ወደ ሳንባውም ያስገባል። ይኸን ጊዜ ገላው ጠላት እንደገባበት አውቆ ይቆጣል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይኸንን ነው። ቁስል ሲቀላ፣ ሲያብጥና ሲያተኩስ የምናየው ዓይነት ነገር ማለት ነው። ልዩነቱ ይኸኛው ከውጭ አይታይም፤ ምልክቱ የሚገኘው በእትብቱ ደም ውስጥ ነው። ሮቤርቶ ሮሜሮ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ስም ሰጥተው የጻፉበት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ስለዚህ «አዲስ ነገር ነው፣ አልሰማንም» ማለት አይቻልም።

መዘዙ ብዙ ነው። ብግነቱ ምጥን ያለጊዜው ይቀሰቅሳል። ያለጊዜያቸው ከሚወለዱት መካከል ሩብ ያህሉና ከዚያም በላይ የሚሆኑት ከማህፀን ኢንፌክሽን ጋር የተያያዙ እንደሆኑ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ሕፃኑ ደሙ ተመርዞ ሊወለድ ይችላል። ገና በመሠራት ላይ ያለው አንጎሉ ከተጎዳ ደግሞ በሕይወት ቢተርፍ እንኳ እጅና እግሩን እንደልቡ የማያዝ ልጅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ስንቱ ቤት ጓዳ ደብቀን «የእርግማን ልጅ» ስንለው ኖረናል! እርግማኑ በጊዜ ያልታከመ ኢንፌክሽን ሊሆን እንደሚችል የነገረን የለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። መንግሥት ቁጥር ይወዳላ! መስከረም 2006 ዓ.ም ላይ ኢትዮጵያ የሕፃናትን ሞት በመቀነስ የሚሌኒየሙን ግብ ከቀነ ገደቡ በፊት መታች ተብሎ ተጨብጭቧል። እውነት ነው፣ ሞቱ ቀንሷል። በ1992 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም ቁጥሩ 67 ሆነ። የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ የሚሞቱትስ? ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት። በ2011 ዓ.ም በተደረገው ጥናትም ቁጥሩ ከ30 አልወረደም። ክትባትና አጎበር ትልልቆቹን አተረፉ፤ ጨቅላዎቹ ግን እዚያው ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በ5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው ተወልደው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት 1,109ኙ መሞታቸውን አሳይቷል። ከሞቱት 45 በመቶው ሳንባቸው ባለመጠንከሩ፣ 30 በመቶው በኢንፌክሽን ነው የሞቱት። ይኸ የሆነው ሆስፒታል በደረሱት ላይ ነው። ሳይደርሱ የቀሩትን ማን ቆጠራቸው?

ክፋቱ ደግሞ እናቲቱ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማትም። ትኩሳት የለ፣ ሕመም የለ። ሽንቷ ውስጥ ጀርም ተቀምጦም ላያቃጥላት ይችላል። ምርመራ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሁሉ የሽንት ካልቸር እንድትመረመር፣ ጀርም ከተገኘባትም ለ7 ቀን ፀረ ጀርም መድኃኒት እንድትወስድ ይመክራል። ያለጊዜው የእንሽርት ውሃዋ የፈሰሰ እናትም ኤሪትሮማይሲን እንድታገኝ ይመክራል። ውድና ብርቅ መድኃኒት አይደለም።

ታዲያ እኛ ጋ ያለው ምንድነው? በወረቀት ላይ የእናቶች አገልግሎት በነፃ ነው። በተግባር ግን ስንቷ ነፍሰ ጡር ናት «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ኬሚካሉ አልቋል፣ መድኃኒቱን ከውጭ ግዢ» እየተባለች የምትመለሰው? ነፃው ካርዱ ብቻ ነው እንዴ? የጤና ባለሙያውስ ቢሆን በምን ሞራል ይሥራ? በግንቦት 2017 ዓ.ም ሐኪሞችና ነርሶች «ደመወዛችን አላኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ ከተሰጣቸው መልስ አንዱ እስር ነበር። ሐኪሙን አስሮ ሕፃኑን ማዳን አይቻልም!

ሌላም አለ። ሕፃኑ በምን እንደታመመ የሚመሰክረው የእንግዴ ልጁ ነው። በላቦራቶሪ ቢታይ ብግነቱ ይገኝበታል። በእኛ አገር ግን በአብዛኛው ሳይመረመር ይጣላል፣ ይቀበራል። ምስክሩን ቀብረን «እግዜር ወሰደው» እንላለን።

ስለዚህ የጤና ሚኒስቴርም ሆነ የሚመለከታቸው ሁሉ መልስ እንዲሰጡበት የምንጠይቀው ይኸንን ነው። አንደኛ፣ በየጤና ጣቢያው የነፍሰ ጡር ሽንት ምርመራ ለይስሙላ ሳይሆን በእውነት ይሠራ። ሁለተኛ፣ አስፈላጊዎቹ መድኃኒቶች ከመደርደሪያ አይጥፉ፤ ከጠፉም የሚጠየቅ ሰው ይኑር። ሦስተኛ፣ ቢያንስ በትልልቆቹ ሆስፒታሎች ጨቅላ ሲሞት የእንግዴ ልጁ ይመርመር፤ ውጤቱም ለወላጅ ይነገር።

ለነፍሰ ጡር እህቶቻችንና ለባሎቻቸውም አንድ ቃል አለን። የእንሽርት ውሃ መፍሰስ ከጀመረ «ምጡ ይምጣና እንሄዳለን» አይባልም። ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር፣ በተለይ 18 ሰዓት ካለፈው፣ ለሕፃኑ አደጋው ይጨምራል። በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ነው! ከፋርማሲ በገዛ ራስ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥም መፍትሔ አይደለም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ወደው አይደለም። እሳቱ በማህፀን ውስጥ ሲነድ ዝም ብለን ከተወለደ በኋላ ማሞቂያ ፍለጋ መሮጥ ምን ይረባል? ይታሰብበት!