ዘሩን የበላ ገበሬ

«ቲቸር፣ ሁሉም ሞቱብኝ።»

ባለፈው ሳምንት ማታ ስልክ ሳነሳ መጀመሪያ የሰማሁት ይሄን ነው። ደንግጬ «እነማን?» አልኩ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ መሐል ሜዳ ሳስተምር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ በጥያቄ የሚያደክመኝ ልጅ። «ባክቴሪያዎቼ» አለኝ። ልስቅ ምንም አልቀረኝም፤ ድምፁ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ለማስተርሱ ስታርች የሚፈጩ ባክቴሪያዎችን ያሳድግ ነበር። አፈሩን የሰበሰበው ከመንዝ ነው፤ ከወፍጮ ቤት ወለል፣ ከገብስ አውድማ፣ እናቱ ብቅል ከሚያጎነቁሉበት ጥግ። ዱቄት ሲፈስ በኖረበት ቦታ ዱቄት የሚበላ ፍጥረት አይጠፋም፤ አስተሳሰቡ ልክ ነበር። ሦስት ጎበዞች አገኘ፣ ጻፈ፣ ተመረቀ። ከዚያ የተቀመጡበት ፍሪዘር መብራት በጠፋ ቁጥር እየቀለጠ፣ በመጣ ቁጥር እየረጋ ቆየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራውን ሊቀጥል ሄዶ ቢዘራቸው አንድም የበቀለ የለም። ጥናቱ መደርደሪያ ላይ አለ፤ የተጠናው ነገር የለም።

የት እንደሆነ አልናገርም። የአንድ ቤት ችግር ብቻም አይመስለኝም።

ባዮሎጂን ከፈተናው ማግስት ለረሳችሁ ትንሽ ላስታውሳችሁ። ስታርች ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱን የሚበጥሰው ኢንዛይም አሚሌዝ ይባላል። ምራቃችን ውስጥ አለ፤ ዳቦ ረዘም አድርጋችሁ ስታኝኩ የሚጣፍጣችሁ ለዚያ ነው። ብቅል ውስጥም አለ። እናቶቻችን ገብሱን ነክረው፣ አጠንፍፈው፣ በቅጠል ሸፍነው ድንጋይ ሲጭኑበት፣ ገብሱ ራሱ አሚሌዝ እንዲሠራ ማድረጋቸው ነው። ጠላው ውስጥ የእንኩሮውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅሉ ነው፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል። ፓየንና ፔርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1833 ይህን ነገር ከብቅል ለይተው አወጡት፤ ተለይቶ የወጣ የመጀመሪያው ኢንዛይም ይሄ ነው። የእኛ እማማዎች ስም አላወጡለትም እንጂ ሥራውን ጠንቅቀው ያውቁታል።

«ታዲያ ብቅል ካለ ባክቴሪያ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ ገብስ ምግብ ነው፤ በመንዝ ደጋ ደግሞ ውርጭ ከመታው ያውም አይገኝም። ባክቴሪያ ግን ማሳ አይፈልግም፤ ፉርሽካ ሰጥታችሁት በሁለት ሦስት ቀን ያደርሳል። ኢንዛይሙንም ወደ ውጭ ነው የሚተፋው፤ ስታርች ትልቅ ስለሆነ ሳይቆረጥ ወደ ሆዱ አይገባለትምና። ስለዚህ ባክቴሪያውን አጥልላችሁ ኢንዛይሙን ከፈሳሹ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛ፣ የብቅል አሚሌዝ ሙቀት አይችልም፤ 75 ዲግሪ አካባቢ ይሞታል። ባሲለስ ሊቼኒፎርሚስ ከተባለው ባክቴሪያ የሚወጣው ከ90 ዲግሪ በላይ ይሠራል።

ይህ ለማን ይጠቅማል? ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። የድሩ ክር ማሽኑ ላይ እንዳይበጠስ ስታርች ይቀባል፤ ጨርቁ ቀለም ከመነከሩ በፊት ደግሞ ያ ስታርች መውጣት አለበት፤ የሚያወጣው አሚሌዝ ነው። ለዳቦ፣ ለቢራ፣ ለልብስ ሳሙናም እንዲሁ። እኛ በአብዛኛው በዶላር ነው የምንገዛው።

አንችልም እንዳይባል ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ1999 ጋሻው ማሞ፣ አማረ ገሠሠና ባልደረባቸው ከወንዶ ገነት ፍልውሃ ያገኙትን ባሲለስ ለዓለም አሳወቁ፤ አሚሌዙ 75 እና 80 ዲግሪ ላይ ነው በደንብ የሚሠራው። እኚሁ አማረ ገሠሠ እ.ኤ.አ. በ1997 ሌላ ባሲለስ በኑግ ፋጉሎ አሳድገው ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም አምርተዋል። በፋጉሎ! ለከብት በምንሰጠው።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። ፋብሪካ ነገ እንክፈት እያልኩ አይደለም። ትልልቅ ጋን፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ለዓመታት የተሻሻለ ዘር ይጠይቃል፤ እነ ዴንማርክ ብዙ ቀድመውናል። ዛሬ ብንሠራው ከምንገዛው ሊወደድብን ይችላል። ግን ነገ ለመሥራት ዛሬ ዘሩ በእጃችን መኖር አለበት። የኔ ጭቅጭቅ እሱ ላይ ነው።

አባቴ ገበሬ ነበር። በክፉ ዘመን ቤት ውስጥ የሚላስ ጠፍቶ እንኳ አንዲት ስልቻ ገብስ ጣሪያው ሥር ተሰቅላ ትታየን ነበር። ልጆች ነን፣ እርቦናል፣ ቀና ብለን እናያታለን። አትነካም፤ ዘር ናት። ያን ጊዜ ጨካኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ጎረቤት ዘር ፍለጋ ሲንከራተት እኛ ዘራን። ፊደል ያልቆጠረው አባቴ ያወቀውን እኛ ባለዲግሪዎቹ እንዴት አጣነው? ዲግሪውን በልተን ዘሩን እንጥላለን።

ደግሞ እኮ ማቆየቱ ውድ አይደለም። ባሲለስ ሲርበው ስፖር ይሠራል፤ ልክ እንደ ደረቀ የገብስ ፍሬ ማለት ነው። የልጁ ባክቴሪያዎች ስፖር ሳይሠሩ ነው በረዶ ውስጥ የገቡት፣ ለዚያ ነው መቅለጥና መርጋቱ የጨረሳቸው። ሳምንት ያህል ምግባቸውን ሲጨርሱ ትቶ፣ ስፖሩን በአውቶክሌቭ ደጋግሞ ከጸዳ ደረቅ አፈር ጋር ቀላቅሎ፣ አድርቆ፣ ጠርሙስ ውስጥ ማሸግ ነው። መብራት አይፈልግም። መደርደሪያ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ባክቴሪያ ያሳደገ ተማሪ ዘሩን በሁለት ቦታ ሳያስረክብ አይመረቅ። አንዱ ዩኒቨርሲቲው ጋ፣ አንዱ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፤ የእህል ዘር ብቻ ሳይሆን የረቂቅ ሕዋሳትም ጉዳይ ሥራው ነውና። ወረቀቱን አምስት ኮፒ አስጠርዘህ አምጣ የሚል መሥሪያ ቤት ሁለት ጠርሙስ አምጣ ማለት አያቅተውም። አማካሪዎች፣ ይሄ በእናንተ እጅ ነው፤ ደብዳቤ አትጠብቁ።

ልጁን «እንደገና አፈሩን ሰብስባ» አልኩት። «ቲቸር፣ ወፍጮ ቤቱ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኗል» አለኝ። ዝም ተባባልን።

አውድማው ግን አለ። እናቱም ብቅል ማጎንቆል አላቆሙም። ለጥምቀት አገር ቤት ሲገባ ሊሞክር ተስማምተናል፤ ጠርሙሶቹን እኔ እገዛለሁ።

ላብራቶሪ ውስጥ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ፍሪዘሩን ክፈቱና የናንተዎቹ በሕይወት መኖራቸውን እዩ። ካሉ አድርቋቸው። ከሞቱም ንገሩኝ፣ አልቆጣም።