ስንጥቁን አናስፋው

በኅብረቶቻችን ውስጥ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል፤ ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ከዚያ ልማድ ጋር ነው። አንዲት እህት ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ስትጀምር፣ ‹‹ሰዎች ይከታተሉኛል›› ስትል፣ ከመዘምራን ልምምድ ስትቀር፣ ለመጠየቅ አንሄድም፤ መልሱን ይዘን ነው የምንሄደው። ‹‹መንፈስ ነው›› እንላለን። እጅ እንጭናለን፣ እንጮኻለን፣ ሌሊቱን ሙሉ እናደክማታለን። ለውጥ ካላየን ጥፋቱን ወደ እርሷ እናዞራለን፤ ‹‹እምነት ጎድሏታል››፣ ‹‹ያልተናዘዘችው ነገር አለ›› እንላለን። ቀስ በቀስም ስሟ ከጸሎት ርዕሳችን ይወጣል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ እዚህ ላይ ምሳሩን የያዝነው ግን የፍቅር ልጆች ነን የምንለው እኛው ነን።

ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ግልጽ ይሁንላችሁ፤ የመንፈስን ዓለም እየካድሁ አይደለም። አጋንንት እንዳሉ፣ ክርስቶስም በእነርሱ ላይ ሥልጣን እንዳለው አምናለሁ፣ አስተምራለሁም። የምቃወመው ሁሉንም ሕመም በአንድ ስም መጥራታችንን ነው። ይህን ወንጌል ራሱ አይፈቅድልንም። ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ቁጥር 24 ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር በልዩ ልዩ ደዌ የተያዙትን፣ አጋንንት ያደሩባቸውን፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውንና ሽባዎችን ለየብቻ ይጠራቸዋል። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ለምን እንቀላቅላለን?

ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ስም በ1908 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ነው። ቃሉ ‹‹መሰንጠቅ›› እና ‹‹አእምሮ›› ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች ሕመሙን በፊልም እንዳዩት ‹‹በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው›› አድርገው ያስቡታል፤ ስህተት ነው። የሚሰነጠቀው ሐሳብን፣ ስሜትንና ፈቃድን አንድ አድርጎ ‹‹እኔ›› የሚያሰኘን ትስስር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. እንደገመተው በዓለም ላይ 24 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከ300 ሰው አንዱ፣ ይህ ሕመም ነበረባቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ደግሞ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። በእናንተ ዕድሜ ማለት ነው።

እስቲ አስቡት። ሐሳብ ወደ አእምሯችሁ ሲመጣ የማን እንደሆነ ጠይቃችሁ አታውቁም፤ የእናንተ መሆኑ ማስረጃ አያስፈልገውም። በዚህ ሕመም ውስጥ ያለ ሰው ይህ ዋስትና ይጠፋበታል። የገዛ ሐሳቡን ሌላ ሰው ያስገባበት ይመስለዋል፤ ወይም በልቡ ያሰበውን መንገደኛ ሁሉ የሚሰማው ይመስለዋል። እጁን ሲያነሣ ሌላ ኃይል ያነሣው ያህል ይሆንበታል። ስለ እርሱ የሚነጋገሩ፣ የሚሰድቡትና የሚያዙት ድምፆች ይሰማል፤ ለእርሱ ድምፆቹ እናንተ ከመንገድ ከምትሰሙት የመኪና ጥሩምባ ያነሱ አይደሉም። አጥሩ የፈረሰበት ግቢ እንደማለት ነው፤ የውስጡና የውጩ ድንበር አይታወቅም። ሕመሙ ጸጥ ያለ ገጽታም አለው። ፊቱ ስሜት አያሳይም፣ ንግግሩ ያጥራል፣ ከአልጋ መነሣት ዳገት ይሆንበታል። እኛ ይህን አይተን ‹‹ቀዝቅዟል››፣ ‹‹ወደ ኋላ ተመልሷል›› እንላለን።

እንግዲህ በዚህ ሰው ላይ የምናደርገውን ተመልከቱ። አሥር ሰው ከብቦት ‹‹አንተ ማነህ? ስምህን ተናገር! መቼ ገባህ?›› እያለ ይጮኻል። ጥያቄው ለእርሱ አይደለም፤ በውስጡ አለ ለምንለው ለሌላው ነው። ‹‹እኔ›› የሚለውን አጥብቆ ለመያዝ ሌት ተቀን የሚታገለውን ሰው ‹‹የምትናገረው አንተ አይደለህም›› እንለዋለን። ተርቦ፣ ደክሞ፣ እንቅልፍ አጥቶ አንድ ስም ቢጠራ ምን ይደንቃል? እኛ ግን ያንን ስም ማስረጃ አድርገን እንይዘዋለን። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን እንደሚያባብስ የታወቀ ነው። ቁጣና ነቀፋ በበዛበት ቤት የሚኖር ታማሚ ቶሎ እንደሚያገረሽበትም ከ1950ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ጩኸታችን ያንን ቤት ነው የሚመስለው።

‹‹ጌታም እኮ ስሙን ጠይቋል›› ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ በማርቆስ ምዕራፍ 5 ላይ ጠይቋል። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሰውየውን በእግር ብረትና በሰንሰለት ያሰሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ጌታ አላሰረውም። ጌታ በሰው ውስጥ ያለውን ያውቃል፤ እኛ እንገምታለን። ፍጻሜውም ሰውየው ለብሶ፣ ወደ ልቡ ተመልሶ መቀመጡ፣ ከዚያም ወደ ቤተ ሰዎቹ መላኩ ነው። የእኛ አገልግሎት ፍጻሜ ግን ከቀድሞው ይልቅ የፈራና ከቤተ ሰቡ የተለየ ሰው ከሆነ፣ ፍሬውን አይተን ሥራችንን እንመርምር።

‹‹መድኃኒት መውሰድ አለማመን ነው›› የሚሉም አሉ። የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሽማግሌ ኢንሱሊናቸውን እንዲጥሉ የሚጠይቅ ወጣት አላየሁም። አእምሮ ሲታመም ብቻ ነው እንዲህ ደፋር የምንሆነው። ጳውሎስ ሉቃስን ሐኪም ብሎ በፍቅር ይጠራዋል፤ ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱ ሕመም የሚጠቅመውን እንዲወስድ ይመክረዋል። የዚህ ሕመም የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን በ1952 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ሥራ ላይ ሲውል፣ ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ሊጨርሱ የነበሩ ብዙ ሰዎች ወደ ቤታቸው መመለስ ቻሉ። ዛሬ በወር አንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጥም አለ። መድኃኒቶቹ እንቅልፍ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቁነጥነጥ ወይም ውፍረት ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ ይህ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ለሐኪሙ ነግሮ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ማስለወጥ እንጂ በመድረክ ላይ መወርወር አይደለም። በድንገት ያቆሙት ብዙዎች እንደገና ይታመማሉ።

‹‹እግዚአብሔር ከፈወሰስ?›› ከፈወሰ ይክበር ይመስገን! ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዝዞታል። እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም። ‹‹ተፈውሰሃልና መድኃኒትህን ጣል›› የሚል ሰው የሐኪሙን ቃል ለመጠበቅ ትዕግሥት ካጣ፣ የቸኮለው ለታማሚው ነው ወይስ ለምስክርነቱ?

ይህ ክርክር የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በእነዚያ ዓመታት 121 ሰዎች ሞተዋል፤ ከሌላው ሰው ጋር ሲነጻጸርም በሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ነው የሞቱት። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደሉት እንደ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች.አይ.ቪ.ና ወባ ያሉ ተላላፊ በሽታዎች ናቸው። ራስን ማጥፋት፣ አደጋና ግድያም ነበሩበት። ‹‹እብድ አደገኛ ነው›› እያልን እንሸሻለን፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ግን ማንንም አይጎዱም፤ ይልቁንም ብዙ ጊዜ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። የሚያሳክማቸውና ‹‹ሳልህ በረታ፣ ተነሥ ጤና ጣቢያ እንሂድ›› የሚላቸው ሰው ያጣሉ። ያ ሰው ከኅብረታችን መውጣት ነበረበት።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አለው። እንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ዊሊያም ኩፐር ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ በ1773 እ.ኤ.አ. እግዚአብሔር ለዘላለም እንደጣለው በሕልሙ ተነገረኝ ብሎ አመነ። የሕመሙን ዓይነት ከዚህ ሆነን መሰየም አንችልም። የምናውቀው ግን ወዳጁና መጋቢው ጆን ኒውተን ወደ ቤቱ ወስዶ ከአንድ ዓመት በላይ እንዳኖረው ነው። ኩፐር ፈጽሞ አልዳነም፤ ኒውተንም ወዳጅነቱን አላቋረጠም። ሁለቱ የጻፏቸው መዝሙሮች በ1779 በአንድ መጽሐፍ ታተሙ።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው። በድራማችሁ ውስጥ ‹‹እብድ›› እያላችሁ ማሳቅን ተዉ። ለታመመው ጸልዩ፤ በለሆሳስና ፈቃዱን ጠይቃችሁ ጸልዩ። ስለሚሰማው ድምፅ አትከራከሩት፣ አታጽኑለትም፤ ‹‹እኔ አልሰማሁም፣ አንተ ግን እንደፈራህ ይገባኛል›› በሉት። የቀጠሮውን ቀን ያዙለት፤ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ጤና ተቋም አብራችሁት ሂዱ። ራሴን አጠፋለሁ ካለ በዚያችው ሰዓት ወደ ሐኪም አድርሱት፤ ብቻውን አትተዉት። እናቱን ጠይቁ፤ ለእርሷ እንደ ጎረቤት ሐሜት የከበደ ሸክም የለም።

የራሱ ‹‹እኔ›› በተናጋበት ቀን፣ እግዚአብሔር በማኅፀን የሠራውን ሰው አይረሳውም። ይህን የሚነግረው የእኛ አጠራር ነው። ስለዚህ ‹‹ስምህ ማን ነው?›› ብለን አንጩኽበት። ስሙን እናውቀዋለን፤ በስሙ እንጥራው።