የላከችው ገንዘብ የማን ነው?



ውድ አንባቢ ሆይ! ከቆቦ፣ ከሮቢትና ከጎብየ ሴት ልጁን ወደ ዐረብ አገር ያልሸኘ መንደር ይገኛልን? መሬቱ ጠቧል፤ የራያ ቆላ ዝናብም አይታመንም። ማሽላው ሲከዳ ቤቱን የምታቆመው ልጅቷ ናት። በሰው ቤት ግን ስሟ ቀርቶ «ሸጋላ» ትባላለች፤ በከፋላ ሥርዓት ሥራዋም መኖሪያ ፈቃዷም በአሠሪዋ እጅ ነው። ይህን እያነሳን ዐረቦቹን እናማለን። እኛስ ስትመለስ እንዴት ተቀበልናት?

የላከችው ገንዘብ የወንድሟ ባጃጅ፣ በአባቷ ስም የተሠራ ቆርቆሮ ቤት ሆኖ ይጠብቃታል። «የእኔ ድርሻስ?» ብትል «ዐረብ አገር አበላሻት፤ አፍ አወጣች» ትባላለች። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ስንቷ እህት ባዶ እጇን መጣች! ያኔ «ምን አመጣሽ?» ከማለት አስቀድሞ «እንዴት ከረምሽ?» ያላት ስንቱ ነው? እዚያ ሸጋላ፣ እዚህ ቦርሳ! ታዲያ ሰው የምትሆነው የት ነው?

«ልጅም ገንዘቧም የአባቷ ነው» ብለው ሐዲስ የሚጠቅሱ አሉ። ብዙኃኑ ዑለማዎች የተረዱት ግን አባት ሲቸገር ከልጁ ገንዘብ እንዲረዳ እንጂ ባለንብረቱ እርሱ ነው ለማለት አይደለም። ለወላጅ መዋል ትልቅ አጅር አለው፤ ነገር ግን በፈቃድ የተሰጠና ሳይጠየቅ የተወሰደ አንድ አይደሉም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ 32ኛ አንቀጽ ሴት ከሠራችው ድርሻ እንዳላት ደንግጓል። እናታችን ኸዲጃም (ረ.ዐ.) በገዛ ገንዘቧ የምትነግድ ሴት ነበረች።

ስለዚህ አባት ሆይ! የላከችውን በስሟ አስቀምጥ፤ ከተበደርክም ጻፈው። ወንድም ሆይ! ባጃጁ በማን ላብ እንደተገዛ ለጎረቤት ተናገር። እናት ሆይ! ከሻንጣዋ በፊት ጤናዋን ጠይቂ። ተለውጣ ከሆነም አድምጧት፤ የላቧን ዋጋ ማወቋ ከዲን መውጣት አይደለም።

የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ይሰጥ የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ ለዐረብ አሠሪ ብቻ አንጥቀስ። ደመወዟን መንጠቅ ሪያድ ላይ ዙልም ከሆነ ቆቦ ላይ ሐቅ ሊሆን አይችልም።

ወላሁ አዕለም።