ስለ ትንሿ ትራክተር ጉልበት

በተማሪው መካከል የእርሻ መሣሪያ ክርክር በተነሣ ቁጥር «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» የሚለው ይቀድማል። በእኛ አስተያየት ጥያቄው መነሻውን ስቷል። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ካልያዘ ጭቃ ውስጥ ከመሽከርከር አያልፍም።

እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 በኮቨንትሪ ከተማ የተሠራችውን ፈርጉሰን ቲ.ኢ. 20 እንመልከት። ክብደቷ ከ1 ቶን ብዙ አይበልጥም፤ ጉልበቷም 30 ፈረስ አይሞላም። ሃሪ ፈርጉሰን ግን ማረሻውን እንደ ጋሪ ከኋላ አላስጎተተም፤ በሦስት ክንዶች ከትራክተሯ አካል ጋር አዋሐደው። አፈሩ ማረሻውን ወደ ኋላና ወደ ታች ሲስበው ጫናው የኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። አፈሩ ሲጠነክር በዘይት ግፊት የሚሠራው ማንሻ ማረሻውን በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል። የላይኛው ክንድ ደግሞ የፊቷ ጎማ ከመሬት እንዳይነሣ ይገፋል። ይህ የዋዛ ነገር አይደለም፤ ቀደም ሲል የነበረው ፎርድሰን ማረሻው ሲነከስ ወደ ኋላ እየተገለበጠ ብዙ ነጂዎችን ደፍጥጦ ገድሏል። (የሕክምና ተማሪዎች ነንና ይህን ዘለን ማለፍ አልሆነልንም።)

ሌላም ጥያቄ አለ፦ ትራክተሩ የማን ነው? በጭላሎ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ትራክተር ያገኘው ባለመሬት ብዙውን ጭሰኛ ከነቤተሰቡ ነቅሎታል። ዛሬም የፈረስ ጉልበት የምትቆጥሩ ጓዶች፣ ያ ግዙፍ ማሽን ግማሽ ሄክታር ማሳ ላይ በየት በኩል እንደሚዞር፣ ሲሰበርስ ማን እንደሚጠግነው አስቀድማችሁ ንገሩን።