እግሯ ያልታዘዘላት ፈረሰኛ

በቂርቆስ፣ ከስታዲየም ዙሪያ አንስቶ ከ2017 ዓ.ም. ፈረሳ እስከተረፈው የካዛንቺስ ክፍል፣ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች የሴቶች እግር ኳስ ከተነሳ ክርክሩ አይቆይም። አንዱ «እስቲ ከወንድ ጋር ትጋጠማ!» ይላል፣ ይሳቃል፣ ወሬው ወደ አርሴናልና ማንቼ ይመለሳል።

ተጋጥማ ከአንድ ሰው በቀር ወንዶቹን ሁሉ ከኋላዋ ያስቀረች አለች። ዴንማርካዊቷ ሊዝ ሃርቴል።

በኦሎምፒክ የፈረስ ስፖርት የወንድ የሴት የሚባል ሜዳሊያ የለም፤ ሁሉም በአንድ ሜዳ ይፋለማል። ድሮ ግን ድሬሳጅ የሚባለው ውድድር የመኮንኖች ርስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ላይ ወርቅ ያገኘው የስዊድን ቡድን በኋላ ሜዳሊያውን ተነጥቋል። ጥፋቱ? ከፈረሰኞቹ አንዱ የበታች ሹም ሆኖ መገኘቱ! የበታች ሹም ያልተፈቀደለት ቦታ ሴት ማን ያስባታል?

በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደንቡ ተከፈተ። ሊዝ በ1944፣ በ23 ዓመቷ፣ ነፍሰ ጡር ሳለች ፖሊዮ ይዟት ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና ነበር። ኮርቻ ላይ የሚያወጣት ሰው ነው። ያም ሆኖ ጁቢሊ በተባለች ፈረሷ 541.5 ነጥብ አስመዝግባ ብር ወሰደች፤ ነሐሱን ያገኘው ፈረንሳዊ 541 ነበረው። ወርቁን የወሰደው ስዊድናዊው ሄንሪ ሴንት ሲር መድረኩ ላይ ስትወጣ ደገፋት። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የ1956 ኦሎምፒክም ብሩን ደገመችው። (አውስትራሊያ የውጭ ፈረስ አላስገባም ስላለች የፈረሱ ውድድር ስቶክሆልም ነው የተካሄደው።)

«የሮጠው ፈረሱ ነው፣ እሷ ምን አደረገች?» የሚል አይጠፋም። ድሬሳጅ እኮ ሩጫ አይደለም። ፈረሰኛው በእግሩ የፈረሱን ጎን ጫን እያደረገ በሚሰጠው ስውር ትእዛዝ እንቅስቃሴው ተለክቶ ነጥብ የሚሰጥበት ነው። ሊዝ ያጣችው ያንኑ እግር ነው። በወገቧና በክብደቷ አዘዘች።

በኳሱም ቢሆን በሩን የዘጋው አቅም አልነበረም። በ1920 የገና ማግስት ኤቨርተን ሜዳ ጉዲሰን ፓርክ ላይ የሴቶችን ጨዋታ ለማየት 53,000 ያህል ሕዝብ ገባ። በዓመቱ የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ሴቶችን ከክለቦቹ ሜዳ አገደ፤ እገዳው እስከ 1971 ዘለቀ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሜዳ ከልክሎ ሲያበቃ «የሴቶች ኳስ ተመልካች የለውም» ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ወደ እኛ እንምጣ። በ2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች እዚሁ አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ የሴካፋን ማጣሪያ አሸንፈው ሞሮኮ ለተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አለፉ። የአርሴናልን ተቀያሪዎች ሳይቀር በቃሉ የሚያውቀው የካዛንቺስ ደጋፊ ከዚያ ቡድን እስቲ ሦስት ስም ይጥራ።