አሰብን ያደረቀው ደንበኛ ማጣት ነው

በልደታ ኮንዶሚኒየም ከታች በተደረደሩት ሱቆች የዘይት፣ የሩዝ ወይም የሕፃናት ዳይፐር ዋጋ ለምን እንደናረ የጠየቀ ሸማች የሚያገኘው መልስ ከሁለት አያልፍም። አንዱ «ዶላር ጨመረ» ሲሆን፣ ሌላው «ዕቃው ጅቡቲ ነው፣ ገና አልገባም» የሚል ነው። ባለሱቁን ውሸታም ማለት አይቻልም። ከባሕር 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የተቀመጠ ገበያ የዕቃው ዋጋ መቆረጥ የሚጀምረው ወደብ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ በየካፌው ስለ ወደብ የሚደረገው ክርክር ከካርታ አይወጣም። ማን ሰጠ? ማን ወሰደ? የሚለው ጥያቄ የራሱ መድረክና የራሱ ባለሙያዎች አሉት። የገበያ ሰው ሊያነሳው የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ለመሆኑ አሰብ የንግድ ከተማ ሆና የቆመችው በምን ነበር? የወደቀችውስ በምን ምክንያት ነው?

አሰብ ከመነሻዋም የነጋዴ ሥራ ናት። እ.ኤ.አ. በ1869፣ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት ዓመት፣ ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ በጁሴፔ ሳፔቶ አማካይነት ቦታውን ከአካባቢው ሱልጣኖች ገዛ። የጣሊያን መንግሥት የተረከበው በ1882 ነው። ቦታው ከተማ ለመሆን የበቃው ግን መንገዱ ከኮምቦልቻና ከመሐል አገር ገበያ ጋር ካገናኘው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ጨው ይመረት ነበር፤ ቦቴውና ተሳቢው ይመላለስ ነበር። የወደብ ወዛደሩ ደመወዝ፣ የትራንዚተሩ ኮሚሽን፣ የሾፌሩ አበል፣ የምግብ ቤቱና የአልጋ ቤቱ ገቢ በሙሉ የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ፣ ከኢትዮጵያ ገበያ ነበር።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን ይህ ግንኙነት አልተቋረጠም። ኢትዮጵያ በአሰብ እንድትገለገል ስምምነት ነበረ። ሁለቱም አገሮች በብር ይገበያዩ ስለነበር ለወደብ አገልግሎት ዶላር መፈለግ አላስጨነቀም። በ1990 ዓ.ም. መግቢያ ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ ግን ሒሳቡ ተለወጠ። ኢትዮጵያ ከአነስተኛ የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በኤል.ሲ. እና በዶላር ይሁን አለች። የነዳጅ ማጣሪያውም ወጪው ከጥቅሙ በልጦ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቁሞ ነበር። ለጦርነቱ ምክንያት ገንዘብ ብቻ ነው ባይባልም፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ተኩስ ሲከፈት የንግዱ ውል ቀድሞ ላልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ለሁሉም ግልጽ ነው። ጭነቱ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። የአሰብ ባሕር አልደረቀም፣ መርከብ ማስጠጊያውም አልፈረሰም፤ የጠፋው ደንበኛው ነው። ከባሕር ዳርቻ ጨው ይመጣለት የነበረው የኢትዮጵያ ገበያ ፊቱን ወደ አፍዴራ አዙሮ የራሱን ምንጭ አለማ። ወደብ ያጣው ደንበኛ ሌላ በር ሲያገኝ፣ ደንበኛ ያጣው ወደብ ግን ሌላ ደንበኛ አላገኘም። በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬ ድንበር ሲከፈት ብዙ አስመጪ ተስፋ አድርጎ ነበር። የቀረጥ፣ የምንዛሪና የትራንዚት ደንብ ሳይጸናለት የተከፈተው በር በወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ።

እዚህ ላይ «የራስ ወደብ ቢኖር ዕቃ ይረክሳል» የሚል ክርክር ይነሳል። ለወደብ የሚከፈለው የውጭ ምንዛሪ ቀላል ስላልሆነ ክርክሩ እውነትነት አለው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወደቡ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም፤ የአስመጪው ሒሳብ ግን ከሥሩ ተናጋ። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ከምትልከው የምታስገባው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ዕቃ ጭኖ የመጣው ኮንቴይነር ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። የባዶውን ጉዞ ኪራይ የሚከፍለው ያው የልደታው ሸማች ነው። ይህ ወጪ የወደቡ ባለቤት ማንም ቢሆን አይቀርም።

እንግዲህ የአሰብ ታሪክ ለገበያው የሚያስተምረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የወደብ ዋስትና ባንዲራ ሳይሆን ውል ነው። ክፍያው በምን ገንዘብ እንደሚፈጸም፣ ታሪፉ በማን ፈቃድ እንደሚጨምር፣ ጠብ ቢነሳ ማን እንደሚዳኝ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። በታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ብዙ ጭብጨባና ብዙ ቁጣ አስነሣ፤ ነጋዴው የሚፈልገው የታሪፍ ዝርዝር ግን ለሕዝብ አልቀረበም። ሁለተኛ፣ አንድ ደንበኛ ያለው ወደብ እንደሚወድቅ ሁሉ፣ አንድ ወደብ ያለው ደንበኛም የዋጋ ድርድር አቅም የለውም። ከ90 በመቶ በላይ ንግዷን በጅቡቲ የምታንቀሳቅስ አገር በርበራን፣ ላሙንና ፖርት ሱዳንን ለጌጥ ሳይሆን ለድርድር ልትይዛቸው ይገባል። ሦስተኛ፣ ከወደብ እስከ መጋዘን ያለው መንገድ በራስ እጅ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በበቂ ጭነት ቢሠራ፣ የሞጆ ደረቅ ወደብ ቢቀላጠፍ፣ የወጪ ንግዱ ኮንቴይነሩን ሞልቶ ቢመልስ፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ዋጋ መቀነስ ይቻላል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። የባሕር በር ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው፤ ሒሳቡ ሳይሠራ ከተነሳ ግን የሚገኘው ወደብ ሁለተኛ አሰብ እንዳይሆን ያሰጋል።