የቴአትር ዜማ ከመጋረጃው ጋር ለምን ይወርዳል?

ለመሆኑ አንድ ተውኔት ከመድረክ ሲወርድ ዜማው የት ይገባል? መዝገብ ቤት! ያውም ከተቀዳ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ቢያንስ መጽሐፍ ያሳትማል። የዜማው ደራሲ ግን ፔሮል ላይ ፈርሞ በዚያው ይረሳል።

ይባስ ብሎ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ተቀጣሪ በሥራው ላይ የፈጠረውን፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ለአሠሪው ይሰጣል። «በውል» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ስንቱ ነው እሷን ይዞ የተደራደረው?

መውጫው አዲስ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ያንን ጥሶ፣ ሕንድ ድረስ ልኮ አሳተመ። አንድ የግል ሰው ደፈረና ሙዚቃው ከመንግሥት ቤት ወጣ።

ጌታቸው መኩሪያንስ? ያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሳክስፎኒስት እ.ኤ.አ. በ2006 «ዘ ኤክስ» ከተባሉ፣ ትልቅ ኩባንያ ደጅ ከማይጠኑ የሆላንድ ሮከሮች ጋር «ሞአ አንበሳ»ን አወጣ። ሽለላውን ትቶ ሮክ አልተጫወተም፤ እነሱ ናቸው ወደ ሽለላው የመጡት።

ከብሔራዊ ቴአትር ጌጃ ሰፈር ስንት እርምጃ ነው? እዚያ በጠባብ ክፍል ኮምፒዩተርና ማይክ ይዞ የሚቀዳ ልጅ ዜማ ይቸግረዋል። የቴአትር ቤቱ ሰው ዜማ ሞልቶታል፣ የቸገረው ሰሚ ነው። እናም አንቱ አንጋፋው፣ ልጁን «ኪቦርድ ነካኪ» ማለቱን ይተዉና ከሚቀጥለው ተውኔት በፊት ውል ያስጽፉ፦ መድረኩ የቴአትር ቤቱ፣ ቅጂው የእርስዎ።